ተክሉና ትንሿ ትራክተር

ተክሉ የትራክተሯን ኮፈን በእጅጌው ይወለውላል። አሁን ወልውሎት ነበር፤ ላቡ ጠብ ሲልበት እንደገና ይጀምራል።

«አምሃ፣ ዛሬን ብቻ» ይለኛል ቀና ሳይል። «እሷ ከሄደች በኋላ እንደፈለግክ ተጫወትብኝ። እስክትሄድ ግን ቀልድ የለም። በሞቴ።»

«እናቴ ትሙት» እለዋለሁ።

ያለነው ቶሮንቶ፣ ኤግሊንተን ዌስት፣ እሱ ከሚሠራበት ጋራዥ ጓሮ ነው። ቅዳሜ ስለሆነ ጃማይካዊው አለቃው ቁልፉን ሰጥቶት በጊዜ ሄዷል። የምንጠብቃት ብርሃነሽን ነው፤ ከባለቤቴ ጋር ነርሲንግ ሆም አረጋውያን የምትንከባከብ ልጅ ነች። ተክሉ አንድ ሰርግ ላይ አይቷት ስምንት ወር ሙሉ ስሟን ብቻ ሲያነሳ ከረመ። ዛሬ ትራክተሯን ነድቶ ሊያሳያት፣ ከዚያ ደፍሮ እራት ሊጋብዛት ነው። ሽማግሌውም ሚዜውም እኔ ነኝ።

ትራክተሯ የጓሮ ነች፤ ሣር የሚያጭዱባት፣ ከወገብ የማታልፍ፣ ዕድሜዋ ሠላሳ ምናምን። ከአንድ ሽማግሌ ጣሊያን ጓሮ እንደ ውዳቂ ብረት ገዝቷት ሁለት ክረምት ሙሉ ፈታትቶ ገጣጠማት። የተሠራችው ለሱ ግማሽ ለሚሆን ሰው ነው። ስለዚህ ከወንበሯ ሥር የጭነት መኪና ባሌስትራ አስገባላት፤ መርገጫዋን በብየዳ አሰፋው፤ ሆዱ እንዲያልፍ መሪዋን ከፍ አደረገው። ተክሉ መቶ ስድሳ ኪሎ ነው። ይህን ቶሮንቶ ያለ አበሻ ሁሉ ያውቃል፤ የነገርኩት እኔ ነኝ።

ምን ላድርግ! ሰርግ ቢሆን ክርስትና፣ ማይክ የሚሰጠው ለኔ ነው። «ለተክሉ ሁለት ወንበር ጨምሩ!» ስል አዳራሹ በሳቅ ይሞታል። ከሁሉ አብልጦ የሚስቀው ደግሞ ራሱ ተክሉ ነው።

ብርሃነሽ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ መጣች። ገና ሳትገባ ስለ መንገዱ ታማርራለች። «ሳብዌይ እንሠራለን ብለው መሬቱን ቆፈሩ፣ ከዚያ መልሰው ደፈኑት! ይኸው በባስ ስንጉላላ እንኖራለን።»

«እንደምን ዋሉ?» ይላታል ተክሉ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ እየዘረጋ።

«ኧረ አንቺ በለኝ! ያን ያህል አርጅቻለሁ እንዴ?»

ትራክተሯን ዞራ ታያለች። ኮፈኑን በጣቷ ትነካለች። «ይህን ሁሉ ብቻህን ነው የሠራኸው?»

«ብቻዬን ነው። ሞተሯ ነክሶ አልዞር ብሎ ነበር። ኮፈኗ ሲከፈት ውስጧ የአይጥ ጎጆ ነው ያገኘሁት።»

«በስመ አብ! አሁን ትሄዳለች?»

«መሄድ ብቻ!» ይላል ተክሉ። ለሴት እንዲህ ቶሎ ሲመልስ ሰምቼው አላውቅም። ቁልፉን ያዞራል፤ ሞተሩ በአንዴ ይነሳል። በአንድ እጁ መሪውን ይዞ ግራ እግሩን መርገጫው ላይ ያደርጋል። ብርሃነሽ ቆማ ታየዋለች። የምታየው ትራክተሯን አይደለም፣ እሱን ነው።

ያለፈው ሳምንት እዚሁ ጓሮ ሲነዳት አይቼዋለሁ። ሰው ቤት ሲቀመጥ ወንበሩን ይቅርታ የሚጠይቅ የሚመስለው ሰውዬ፣ ትራክተሯ ላይ ሲወጣ ደረቱን ነፍቶ፣ አንድ እጁን ጭኑ ላይ ጥሎ፣ እያፏጨ ይዞራል። ያምርበታል። ቀናሁበት፣ ምን እዋሻለሁ። አሁን እሷም ልታየው ነው። ነገ ደግሞ ሰርግ ላይ ማይክ ይዤ በማን ልቀልድ ነው?

«ብርሃነሽ፣ ራቅ በይ!» እላለሁ ጮክ ብዬ። «መንግሥት ያቃተውን የሳብዌይ ጉድጓድ ተክሉ ዛሬ ቁጭ ብሎ ሊጨርሰው ነው!»

ብርሃነሽ በሳቅ ፍርስ ትላለች። አፏን በእጇ ብትይዘውም ያመልጣታል። «ውይ አንተ፣ ምነው!» እያለች ትከሻዬን ትመታኛለች።

ተክሉም ይስቃል። ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ይስቃል። እግሩን ከመርገጫው ያወርዳል። «እኔም እኮ ጎማዋ አሳዝኖኝ ነው የተውኩት» ይላታል፣ ለሷ ሳቅ ትንሽ እንዲጨምርላት። ከዚያ ሞተሩን ያጠፋል። ከኋላዋ ዞሮ በሁለት እጁ ወደ ጋራዡ ይገፋት ጀመር፣ በአንድ ቁልፍ የምትነሳውን ትራክተር።

ብርሃነሽ ሳቋን ትጨርሳለች። ዓይኗን ትጠርግና ግራ ገብቷት ታየኛለች።

«ምነው አስገባት? ሊነዳት አልነበር እንዴ?»

ትከሻዬን እሰብቃለሁ።

«አምሃ፣ ጥራው እንጂ! እኔ እኮ ሺፍት ቀይሬ የመጣሁት ሲነዳት ልይ ብዬ ነው።»

ተክሉ የጋራዡ በር ላይ ደርሷል። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። ፊቱን አላዞረም፤ ግን መግፋቱን አቁሞ ቆሟል። ሰምቷታል። «ና ውጣ!» ብዬ ብጠራው ይበቃል፤ ሌላ ምንም አያስፈልገውም።

«ተይው ባክሽ» እላታለሁ፣ ድምፄን ሳልቀንስ። «ሞክሯት ነበር። ትራክተሯ አትችለውም።»

ተክሉ መግፋቱን ይቀጥላል።