ቀድሞ የወጣ ምት

መሐንዲሷ ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጠችም። በወርክሾፓቸው ለሆስፒታል የሚሠሩትን የትንፋሽ መቆጣጠሪያ ከሰዓት በኋላ ማስረከብ አለባቸው፤ በውስጡ ያለው ኤፍፒጂኤ የተባለ ቺፕ ግን የሰዓት ምቱ ፈጥኖ ካልወጣለት ቆጠራ ይስታል። ምቱን ተቀብለው ወደ ቺፑ የሚያሳልፉት በፈር የሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች፣ እስካሁን የሞከረቻቸው ሁሉም ጭነት እንደበዛበት አህያ አዝግመውባታል።

የቀረውን አንድ በፈር በየደችና ምቱን በስክሪን የሚያሳየውን ኦሲሎስኮፕ አየች። ምቱ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ወጣ።

"ተመስገን!" አለች።

ትንሽ ቆይታ ግን ፊቷ ተለወጠ። ከበፈሩ የሚወጣው ምት፣ ወደ በፈሩ ከሚገባው ቀድሟል። ገመዶቹን አቀያየረች፤ ያው ነው።

"ጋሼ፣ ይሄ ነገር ሳይሰጡት ነው የሚመልሰው!" አለች ወደ ጎረቤት ክፍል።

"ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ነዋ!" ብለው ሳቁ፣ ሥራውን ያስተማሯት አዛውንት ቴክኒሻን። "ገመድሽን እይው፣ ልጄ።"

ገመዶቹን እንደገና ነቅላ ስትሰካ በሩ ተበረገደና ጋሼ እያለከለኩ ገቡ።

"ምን ሆንሽ?"

"ምንም። ምነው ጋሼ?"

"እንዴት ምንም! 'የሰው ያለህ! ለጋሼ ድረሱላቸው!' እያልሽ ስትጮኺ ሰምቼ ነው እኮ የሮጥኩት።"

"እኔ? ትንፍሽም አላልኩ።"

"እንግዲያው ጆሮዬ ነዋ፤ እርጅና" አሉና ሊስቁ ሞከሩ። ሳቁ ግን አልወጣላቸውም። እጃቸው ደረታቸውን ጨመደደ፣ በሩን ተደግፈውም ቀስ ብለው ወደ ወለሉ ተንሸራተቱ።