የቤዙ መተንፈሻ

አናጢው ከፒካፑ ወንበር ጀርባ የሚገባውን የስፒከር ሳጥን ለክቶ እንደጨረሰ፣ የባለመኪናዋን ሴትዮ ባል የገደለው ጥይት የጋቢናውን የኋላ ላሜራ የበሳበትን ቀዳዳ በእርሳሱ ጫፍ ነካ አደረገ። «ይኼን በስቱኮ እደፍነዋለሁ፤ ሳጥኑም ይሸፍነዋል። ማንም አያየውም፣ እህቴ» አላት።

ሴትዮዋ ጣቷን ቀዳዳው ውስጥ ከተተች። መኪናውን ሽጪው፣ ባልሽ የሞተበት የድባጤ መንገድ ይቅርብሽ፣ ከል ለብሰሽ ምን ሙዚቃ አማረሽ ያላላት ዘመድ አልነበረም። አሁን ደግሞ ይሄኛው ሊደፍንላት ነው።

«ቅድም ሳጥኑ መተንፈሻ ይፈልጋል አላልከኝም?»

«አዎ፤ ካልተነፈሰ ቤዙ፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ ይታፈናል።»

ጣቷን አወጣች። «እንግዲያው ይኼንኑ አስፋውና የሳጥኑን መተንፈሻ ከዚህ ጋር ግጠመው። ነገ ባሌ ይወደው የነበረውን ዘፈን ከፍቼ፣ በተተኮሰበት መንገድ ላይ ነው የማልፈው። ጥይቱ በገባበት ዘፈኑ ይውጣ!»