የሐሙስ ልምምድ

"ልቀቂ አላልኩሽም!" አሉ ስንቄ። "ለማየት ብለሽ እጅሽን ካነሳሽ አለቀ።"

ትግስት እንደገና ተጫነች። ከፎጣው ሥር ያለው የአባቷ አንገት ነው። ጋሼ አራጌ አልጋው ላይ ተንጋለው አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ።

"አራጌ፣ አፍህ ውስጥ ምንድን ነው?"

"ቆሎ።"

"ደሙ እየፈሰሰ ቆሎ?"

"ገና ስላልፈሰሰ ነዋ!"

ትግስት ሳቋ አመለጣት። እናቷ ስንቄ ግን መቱ ከተማ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ናቸው። ድምፃቸው ሻክሯል፤ ቁጣቸው አልተነካም።

"ከመጀመሪያው!"

የአንገቱ ካንሰር ሕክምና ካለቀ አምስት ወሩ ነው። ጨረሩ ዕጢውን ሲያጠፋ ትልቁን የደም ሥርም አሳስቶ አዳክሞታል። ሐኪሙ አልደበቀም። አንድ ቀን ድንገት ሊፈነዳ ይችላል፤ ያኔ ያለው ጊዜ የደቂቃዎች ነው። ደሙ እንዳያስደነግጥ ጠቆር ያለ ቀይ ፎጣ አዘጋጁ፣ አጥብቃችሁ ተጫኑ፣ እንደተጫናችሁ ሆስፒታል አድርሱ አለ። ቤተሰቡ በየሐሙሱ ይለማመዳል።

በሩ ተበረገደ። ጎረቤታቸው ዲሪቤ ጩኸት ሰምታ፣ አንድ ኩባያ ሙሉ የተፈጨ ቡና ይዛ ገባች።

"ጋሼን ደግሞ ምን አገኛቸው? ማሎ፣ እባካችሁ ዞር በሉ፣ ቡና ልነስንስበት!"

"ልምምድ ነው። ቡናም አይነሰነስም!"

"እትዬ ስንቄ፣ እግሬን መጥረቢያ ሲመታኝ በምን ዳነ?"

"እሱ እግር ነው፣ ይሄ አንገት! ቡናሽን አፍልተሽ ጠጪው። ይልቅ ባጃጅ ጥሪ።"

ዲሪቤ ከደጅ ቆማ ተጣራች። ሦስት ባጃጆች መጡ፤ ልምምድ ነው ሲባሉ ሁለቱ ተሳድበው ሄዱ።

ጋሼ አራጌ ፎጣው ሥር ሆነው ተንከተከቱ። ትግስት ግን አልሳቀችም።

"እማዬ፣ ተጭኜም ካልቆመስ?"

ስንቄ አንገታቸው ላይ የጠመጠሙትን ሻርብ አጠበቁ።

"ካልቆመ እጅ መያዝ ነው" አሉ ስንቄ። "ለቅሶው ኋላ ይደርሳል። ያን ሰዓት ፊታችሁ ላይ ፍርሃት እንዳይታይ። ቀልድ ካላችሁ ቀልዱ።"

"ቀልድማ በሽ ነው" አሉ ጋሼ አራጌ።

"ያንተን አይደለም ያልኩት፤ የሚያስቀውን ነው።"

ትግስት ፎጣውን አስተካክላ እንደገና ተጫነች። አንድ ደቂቃ፣ ሦስት፣ አምስት። ዝንብ አፍንጫዋ ላይ አረፈ። እጇ ንቅንቅ አላለም፤ ከሥሩ ለማየትም አልሞከረችም።

"አለፍሽ" አሉ እናቷ። ልምምዱ ከተጀመረ ወዲህ ይህን ቃል ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነው።

ጋሼ አራጌ ከአልጋው ዘለው ወረዱና የቆሎውን ፍርፋሪ አራገፉ፤ ስንቄ ሻርባቸውን ከራሳቸው አንገት የጨረር ጠባሳ ላይ ፈትተው በባላቸው ቦታ ጋደም አሉ፤ ዲሪቤም ቀስ ብላ ወጥታ በሩን ዘጋች።