ባዶው ወንበር

ድሮ፣ ልጅ ሳለች፣ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና አባቷና አክስቷ ስለ እሷ ሲነጋገሩ ሰምታ ነበር። ግማሹ ተረስቷታል። «ተያት፣ ይሄ ሥዕል ስታድግ ይለቃታል» ያሉት ግን አባቷ ይመስሏታል፤ ልክ ስለ ጉንፋን እንደሚያወሩ። አልለቃትም። ይኸው ለሁለተኛ ዲግሪ ሁለት የሥዕል ክፍሎች ተቀብለዋት፣ አንዱን ልትመርጥ ከአባቷ ጋር መጣች። ልቧ ያለው፣ ሰው ተቀምጦ በሚሳልበት ክፍል ነበር። አባቷ ግን «መልክዓ ምድር የሚሳልበትን ካልያዝሽ አልመርቅሽም» ብለዋል፤ ያለ እሳቸው ምርቃት ደግሞ እግሯ አይነሳም።

«እዚህ ሰው ራቁቱን ነው የሚቀመጠው አሉ» ብለው አባቷ በሩ ላይ ተገተሩ።

«አባዬ፣ እስቲ ገብተህ እይ።»

ሲገቡ ተማሪዎቹ ሸራቸውን ወጥረው ቆመዋል፤ መሀል ያለው ወንበር ባዶ ነው። የሚቀመጠው ሰውዬ ቀርቶባቸዋል። መምህሯ አባትየውን ስታይ ፊቷ በራ። «ጋሼ፣ እባክዎ ይቀመጡልን! ኮትዎን እንደለበሱ።»

አባትየው ደነገጡ። ዕድሜ ልካቸውን ፀጉር አስተካካይ ሆነው ስንቱን «አትንቀሳቀስ» ብለዋል፤ የራሳቸው አፍና እግር ግን አርፎ አያውቅም። ልጃቸው ጨርቅ አንስታ አራገፈችና ወንበሩን መታ መታ አደረገችው፤ ልክ እሳቸው ደንበኛ ሲገባ እንደሚያደርጉት።

ሳቃቸው አመለጣቸው። መላጣቸውን እያሻሹ ተቀመጡ።

«እሺ፣ እዚሁ ተማሪ፤ እግዜር ይርዳሽ። እኔም እስከ ምሳ ሰዓት አፌን ዘግቼ እቀመጥልሻለሁ። ብቻ እዚህ አናቴ ላይ ትንሽ ፀጉር ጣል አድርጊበት።»