ለሰባት የተካፈለው ቁጥር

ባለፈው ዓመት ያወጣው ፈተና ስሕተት ስለነበረበት፣ ርእሰ መምህሩ «ዘንድሮ አንድ ጥያቄ ቢሳሳቱ ከሥራ ይሰናበታሉ» ብሎታል። ተማሪዎቹ «ጋሽ ክብሪት» የሚሉት የሒሳብ መምህር ግን አልደነገጠም። ዘንድሮ ለፈተናው ያወጣው ቁጥር 1,000,003 ከአንድና ከራሱ በቀር ለሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዐይኔን ግንባር ያድርገው ባይ ነው።

እንደ ደንቡ፣ ፈተናው ከመታተሙ በፊት ሌላ መምህር ጥያቄውን በእጁ ሠርቶ ይፈርማል። ተራ የደረሳት የቀድሞ ተማሪው እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ለሰባት ተካፈለ።»

«አንቺ ማካፈል የት ነው የተማርሽው?»

«እርስዎ ጋ ነዋ!»

ወረቀቱን ነጥቆ ራሱ አካፈለው። አራት መትረፍ ነበረበት፤ ምንም አልተረፈም። መልሶ ቢያባዛው ያው 1,000,003 መጣ።

ከሳጥኑ ሰባት ጠመኔ ቆጥሮ አወጣና ጠረጴዛው ላይ በሁለት ረድፍ ደረደረ። ሰባት ጎዶሎ ነው፤ አንዱ እንደሚተርፍ ሕፃን ልጅ ያውቃል።

ረድፎቹ እኩል ሆኑ። የተረፈ ጠመኔ የለም።

«ቁጠሪያቸው» አላት በሹክሹክታ።

አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች ቆጠረች።

«ሰባት ናቸው፣ ጋሼ።»