ሐኪም ያማክሩ

«ኮንሰልት ማለት ማሳወቅ ነው!» ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «ማስታወቂያ ለጥፈናል፣ አሳውቀናል፤ አለቀ!»

መርፌ ከፊቱ እንደቆመች ነው። የስፌት አዳራሹ ሴቶች ይህን ስም ያወጡላት ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ አንዴ ከጀመረች ሳትበሳ ስለማትመለስ ነው። ከአዳራሹ ጎን ያለችው የሕፃናት ማቆያ ነገ የክር መጋዘን ልትሆን ነው። የስምንት ወር ልጇ የሚውለው እዚያ ነው፤ የሚይዝላት ዘመድ የላት፣ ማቆያዋ ከተዘጋች ሥራ መልቀቋ ነው። ካርቶኖቹ እንኳ እስከ ነገ አልታገሱም፤ ክራቸውን ይዘው ከጠዋት ጀምሮ ኮሪደሩን ሞልተውታል።

ድርጅቱና ሠራተኞቹ የተፈራረሙት ውል ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ማቆያዋን ከመንካቱ በፊት ድርጅቱ እናቶቹን «ኮንሰልት» ያደርጋል ይላል። ወይ ጣጣ! የአሥራ ሁለት እናት ኑሮ በአንዲት የፈረንጅ ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ይቅር?

መርፌ እንግሊዝኛ አትችልም። ፊደሎቹን ግን ለይታ ታውቃለች፤ ስንት ዓመት ሙሉ ከሸሚዝ አንገት ላይ ስትሰፋቸው የኖረች ናት። ውሉ ላይ አፍጥጣ ቆይታ ቀና ስትል፣ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ካለው የራስ ምታት ክኒን ፓኬት ላይ አረፈ። አነሳችውና ሁለት ቁራጭ ጨርቅ እንደምታገጣጥም ሁሉ ከውሉ ጎን አስጠግታ ፊደል በፊደል አስተያየችው። ልክክ አለ!

«ጌታዬ፣ ይቺ ቃል ከክኒንዎ ላይም አለች። ምን እያለችዎ ነው?»

ሥራ አስኪያጁ ፓኬቱን ተቀብሎ ወደ መነጽሩ አስጠጋው። «ሕመሙ ካልተሻለዎ ሐኪም...» አለና ፓኬቱን ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

«ሐኪም ምን?»

«ያማክሩ» አለች ጸሐፊዋ ከጥግ፤ ወዲያው አፏን በእጇ ከደነች።

«እሰይ የኔ እህት! ታዲያ ጌታዬ፣ ራስዎን ሲያምዎ ሐኪሙ በር ላይ ‹አሞኛል› የሚል ማስታወቂያ ለጥፈው ይመለሳሉ?»

በሩ ላይ የተኮለኮሉት እናቶች በሳቅ ፈነዱ።

«የክኒን ቋንቋ ሌላ፣ የሕግ ቋንቋ ሌላ!» የሥራ አስኪያጁ ጆሮ ቀላ። «አንቺ፣ መዝገበ ቃላቱን አውርጂና አንብቢላቸው!»

ጸሐፊዋ ወፍራሙን መጽሐፍ ከመደርደሪያው አውርዳ ገለጠች።

«ምክር መጠየቅ» አነበበች ጸሐፊዋ።

«የቃሉን ሥርም አንብቢልን» አለ ጋሼ መቀስ፣ ከእናቶቹ ጋር የመጣው ሽማግሌው ጨርቅ ቆራጭ።

«የላቲን ነው። መምከር ማለት ነው። ጥንት ሰው ሰብስቦ ምክሩን ከመጠየቅ የመጣ ሳይሆን አይቀርም ይላል።»

«ሰብስቦ!» መርፌ ደስታው አላስቆማት አለ። «ሰማችሁ እናንተ? ሰብስቦ ነው የሚለው!»

«ምን ላቲን ድረስ አስኬደን?» አለ ጋሼ መቀስ። «ተማክረው የፈሱት አይሸትም ይባል የለ? ይሄኛው የብቻ ነው፤ ይኸው ሽታው ኮሪደር አያስገባም!»

አሁንማ ጸሐፊዋም አልቻለችም። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ከንፈሩን ነክሶ ወደ ጣሪያው አየ። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ።

«በሉ ግቡ» አለ። «ግን ወንበር የለም።»

«ማነው የለም ያለው?» አለች መርፌ።

ወጣችና አንድ የክር ካርቶን ተሸክማ ገባች። ሌሎቹም ተከተሏት። ኮሪደሩ ባዶ እስኪሆን ድረስ ተመላለሱ፤ መርፌም በመጨረሻው ዙር በአንድ ክንዷ ልጇን፣ በሌላው ከግድግዳ የነቀለችውን ማስታወቂያ ይዛ መጣች።

ሁሉም ካርቶን ላይ ሲቀመጡ ሥራ አስኪያጁ ብቻውን ከጠረጴዛው ማዶ ቀረ። ቆየት ብሎ ተነሣ፤ ዞሮ መጣና ከተረፈችው ካርቶን ላይ ተቀመጠ። ካርቶኗ ሥሩ ጎድጎድ አለች። እስክሪብቶውን ከፈተ።

«እሺ... ምን ትመክሩኛላችሁ?»

አሥራ ሁለቱም አንድ ላይ መናገር ጀመሩ። መርፌ ጭን ላይ ልጇ ማስታወቂያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ እየሳቀ ይቀድደዋል።