ቀን የሌለው ፈተና

የአብራሪዎች የጽሑፍ ፈተና ቀርቶ ፈታኟ የምትባል የማሽን ድምፅ ጆሮ ውስጥ ከገባች ወዲህ ካፒቴን ናሁሰናይ እፎይ ብሎ አያውቅም። ሲያሻት ምሳ ላይ፣ ሲያሻት አልጋው ውስጥ ትጠይቀዋለች። እሱ የሚሰማውን ሁሉ ትሰማለች፤ ማንም ይጠይቀው ማን፣ መልሱን ታርማለች። ከዘገየ እንደ ሳተ ይቆጠርበታል፤ ደጋግሞ ከሳተ ፈቃዱን ይነጠቃል። እናም ምላሱ ከሐሳቡ መቅደም ለምዷል።

ያን ዕለት የእናቱ ወንድም አቶ ልሳኑ ማረፋቸው ተሰማ። ዘመድ ተማክሮ፣ እንደ ወጉ ነገ ማለዳ ተሰብስበን እህታቸውን እናረዳለን፣ እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ተባባለ። ናሁሰናይም ፊቱን ታጥቦ፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው እናቱ ቤት ገባ።

ገና ከመቀመጡ ፈታኟ ጀመረች።

«ክንፍ ላይ በረዶ ቢጋገር?»

«ማሞቂያውን አበራለሁ።»

«ትክክል። ሞተሩ በእሳት ቢያያዝ?»

«ነዳጁን እዘጋለሁ።»

«ትክክል።»

እናቱ ወይዘሮ አሰገደች ሽሮውን እያማሰሉ እስኪጨርስ ጠበቁት፤ ለምደውታል።

«አበቃህ ልጄ? ወንድሜ ከትናንት ጀምሮ ስልክ አላነሳ አለኝ። ምን ሆኖ ነው?»

«ሞቷል።»

ማማሰያው ከእጃቸው ወደቀ። ናሁሰናይ አፉን በመዳፉ ከደነ።

«ትክክል» አለችው ፈታኟ።